ከኮምቦልቻ የመጡ ሦስት ካርቶኖች

ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ካርቶኖቹ ዛሬ ገቡ። ጋሼ በጭነት መኪና ነው የላኳቸው፤ ሹፌሩ ቃሊቲ ሲደርስ ደወለልኝና ሄጄ ተረከብኩ። ሦስት የሳሙና ካርቶን፣ በሲባጎ ጥብቅ ተደርገው የታሰሩ። በሦስቱም ላይ በጋሼ የእጅ ጽሕፈት «ፀሐይ አይንካው» ተብሎ ተጽፎባቸዋል።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከ1974 እስከ 1999 ዓ.ም. ኮምቦልቻ፣ አስፋልቱ ዳር ሙዚቃ ቤት ነበራቸው። ዘንድሮ 74 ዓመታቸው ነው። በክረምቱ ጣሪያቸው አፍስሶ አንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት ተበላሸባቸው። የተረፈውን «አንተ ጋ ይሻላል፤ ውሰደውና አንድ ነገር አድርግበት» አሉኝ። ያ «አንድ ነገር» ምን እንደሆነ የወሰንኩት ካርቶኖቹን ፎቅ ላይ አውጥቼ ሳስቀምጥ ነው። ሁሉንም አንድ በአንድ ሰምቼ ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ። የሠራሁትንም እዚህ እመዘግባለሁ።

ኅዳር 10

ቆጠራ። 214 ካሴት፣ 37 ባለ 45 ሸክላ (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ)፣ አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር።

ካሴቶቹን መሬት ላይ ዘርግቼ በሦስት ከፈልኳቸው። 121ዱ ኦሪጅናል ናቸው፤ የዘፋኙ ፎቶ ያለበት ወረቀት፣ የአሳታሚው ሙዚቃ ቤት ስም፣ አንዳንዱ ላይ የደበዘዘ ማኅተም። 64ቱን ጋሼ ራሳቸው ለደንበኛ የገለበጧቸውና ባለቤቱ ሳይወስዳቸው የቀሩ ናቸው። የቀሩትን 29 ሳገላብጥ ግን እጄ ቆመ። ጽሕፈቱ የእኔ ነው፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የምጽፈው የተንጋደደ «ኤፍ ኤም» የሚል ቃል።

እነዚህን ካሴቶች ጨርሶ ረስቻቸው ነበር። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም. ሲጀምር ሥርጭቱ ኮምቦልቻ አይደርስም። ጋሼ ባዶ ካሴት በሹፌር ይልኩልኛል፤ እኔ ማታ ማታ ከሬዲዮ ቀድቼ በዚያው ሹፌር እመልስላቸዋለሁ። ሱቃቸው ውስጥ አዲስ አበባ ምን እየተደመጠ እንደሆነ የሚታወቀው በእነዚህ ካሴቶች ነበር። ጋሼ አንዱንም አልጣሉትም።

ኅዳር 19

የጋሼ ማጫወቻ ከተሸጠ ቆይቷል። አንድ ወዳጄ ከአባቱ ዕቃ መካከል አንድ ካሴት የሚወስድ ዴክ፣ ማጫወቻና መቅጃ፣ አውጥቶ ሰጠኝ። ብዙ ዓመት አልተነካም። ሶኬት ላይ ሰካሁት፣ መብራቱ በራ፤ ፕሌይ ስጫን ሞተሩ ሲዞር ይሰማኛል፣ ካሴቱ ግን ንቅንቅ አይልም።

ክዳኑን በካቻቢቴ ከፍቼ ሳየው ላስቲኩ ቀልጧል። የሞተሩን ጉልበት ቴፑን ወደሚጎትተው ዘንግ የሚያደርሰው ቀጭን ላስቲክ በዕድሜ ብዛት ሬንጅ መስሎ መዘውሩ ላይ ተለጥፏል። ጣት ላይ ከያዘ በሳሙና አይለቅም። በአልኮልና በአሮጌ ካናቴራ ቁራጭ ሳጸዳው ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ይህን ሥራ ለሚጀምር ሰው፦ ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ውስጡ ውሃ ስላለ ለብረትና ለሄድ (ከቴፑ ላይ ድምፁን ለሚያነበው ክፍል) አይሆንም፤ 99 በመቶ የሆነውን ፈልጉ።

ኅዳር 27

ላስቲክ ፍለጋ መርካቶ ዋልኩ። ከመሄዴ በፊት ክር ወስጄ ላስቲኩ በሚዞርበት መንገድ አዞርኩና ለካሁት፤ 24 ሴንቲ ሜትር ሆነ። አዲሱ ወጥሮ እንዲይዝ ከዚህ አምስት በመቶ ያህል ማጠር አለበት። መጀመሪያ የሰጡኝ ውፍረቱ ቦታ ቦታው ላይ ይለያያል፤ ቤት ስሞክረው የዘፋኙ ድምፅ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል። ሁለተኛውን ያገኘሁት አንድ ጠና ያሉ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ነው። ክሩን ከእጄ ተቀብለው ለኩት፣ ከብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አንዱን መዘዙ፣ በሁለት ጣታቸው ወጥረው ወደ ብርሃን አዩትና ሰጡኝ። ልክ ገባ።

ታኅሣሥ 6

ዛሬ የሄዱን ዘንበልታ ማስተካከል ተማርኩ። የእስካሁኑን ሁሉ ድካም የካሰልኝ ቀን ነው።

የካሴት ቴፕ ስፋቱ አራት ሚሊ ሜትር አይሞላም። በዚያች ስፋት ላይ ለሳይድ ኤ ሁለት፣ ለሳይድ ቢ ሁለት፣ በድምሩ አራት መስመር ድምፅ ተቀምጧል። ቴፑ በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ሄዱ ፍጹም ቀጥ ብሎ ካልጠበቀው ቀጫጭኖቹ ድምፆች ይጠፋሉ፤ ዘፈኑ ከጋቢ ሥር የሚወጣ ይመስላል። ችግሩ ደግሞ እያንዳንዱ ካሴት የተገለበጠው በሌላ ማሽን፣ በሌላ ዘንበልታ መሆኑ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ካሴት አዲስ ማስተካከያ ያስፈልጋል። ከሄዱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን ካሴቱ እየተጫወተ ሳለ በጣም በጥቂቱ ማዞር ነው።

የሞከርኩት በማሪቱ ለገሰ አምባሰል ነው። መጀመሪያ ድምፁ ድፍን ነበር። ካቻቢቴውን ፀጉር ታህል ወደ ግራ ሳዞረው ባሰበት። መልሼ ወደ ቀኝ፣ ቀስ፣ ቀስ። በድንገት የማሲንቆው ደጋን በጭራው ላይ ሲፋቅ ሰማሁት፤ ቀጥሎ የእሷ «ስ» እና «ሽ» ጥርት ብለው ወጡ። ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መለስኩና ሰማሁ። የአምባሰል ቅኝት የተሰየመበት አገር ከጋሼ ሱቅ ብዙ አይርቅም። ካሴቱ ያን ድምፅ ይዞት ኖሯል፤ የጎደለው ትክክለኛው ማዕዘን ብቻ ነበር።

ታኅሣሥ 13

ፍጥነት። ዴኩ ሊፈጥን ወይም ሊዘገይ ይችላል፤ የተገለበጠበት ማሽንም እንዲሁ። ጥላሁን ገሠሠን ለዓመታት የሰማ ጆሮ ቅኝቱ ከፍ ማለቱን ያውቀዋል፣ ግን በስንት? ለመለኪያ የሚሆን የታወቀ ድምፅ ያለበት ካሴት የለኝም።

መልሱ ከመብራት ኃይል መጣ። የአገራችን መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፣ 50 ሄርዝ ማለት ነው። ጋሼ ሲገለብጡ ከሶኬቱ የሚመጣው ያ የ«እምምም» ጉምጉምታ በጥቂቱም ቢሆን ቴፑ ላይ ገብቷል። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ፕሮግራም ላይ በዘፈንና በዘፈን መካከል ያለችውን ዝምታ መርጬ የድምፁን ትንታኔ ሳወጣ ጉምጉምታው 52 ሄርዝ ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ ካሴቱ አራት በመቶ ፈጥኖ እየተጫወተ ነው ማለት ነው። የሞተሩን ፍጥነት መልሼ 50 ላይ ሳደርሰው ጥላሁን ወደማውቀው ድምፁ ተመለሰ። (ቴፑ ቆሞም የሚሰማ ጉምጉምታ ካለ የራሴው ኬብል ነው፤ ሁለቱ እንዳይምታቱ መጀመሪያ ያንን መለየት ያስፈልጋል።)

ነገር ግን 11 ካሴት ላይ ጉምጉምታው አንድ ቦታ አልረጋ አለኝ። 48 ይሆናል፣ 51 ይሆናል፣ ይዋልላል። ለጋሼ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ሲገለብጡ ማሽኑ ችግር ነበረበት እንዴ?»

«ማሽኑማ ደህና ነበር። መብራት የለም ነበር፣ የኔ ልጅ። ጄኔሬተር አስነስተን ነው። ሹፌር ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ይነሳል፤ መብራት እስኪመጣ ብለህ አታቆመው።»

እነዚህን 11 ካሴቶች አላስተካከልኩም። እንዳሉ ገለበጥኳቸው።

ታኅሣሥ 27

ገና ሊደርስ ነው። 31 ካሴት አልቋል። ለ60 ደቂቃ ካሴት ባለ 24 ቢት 48 ኪሎ ሄርዝ ፋይል አንድ ጊጋ ባይት ገደማ ይወስዳል። ሁለት ሃርድ ዲስክ ገዛሁ፤ አንዱ እህቴ ቤት ይቀመጣል።

ጥር 5

አንድ የ90 ደቂቃ ካሴት ተበጠሰብኝ። የ90ው ቴፕ ከ60ው ስለሚሳሳ በፍጥነት ማጠንጠን አይወድም፤ እኔ ደግሞ ቸኩዬ ነበር። የካሴቱ ቤት ብሎን የሌለው በሙጫ የተዘጋ ነው። በቢላ ጫፍ ከፈትኩት፣ ሁለቱን ጥቅል አወጣሁ፣ የተበጠሰውን ጫፍና ጫፍ በመቀስ በሰያፍ ቆርጬ አጋጠምኩ። ከጀርባው ለዚሁ ሥራ የሚሸጠውን ቀጭን ማጣበቂያ ለጠፍኩ። የተለመደውን ፕላስተር መለጠፍ አይገባም፤ ሙጫው እየፈሰሰ የጎረቤቱን ዙር ያያይዘዋል። ቴፑን ብሎን ወዳለው ሌላ ቤት አዛወርኩት። ከዘፈኑ የጎደለው ከአንድ ሴኮንድ ያነሰ ነው፤ ግን ዘፈኑ በመጣ ቁጥር ቦታውን ሳልጠብቀው አላልፍም።

ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱን ካሴት መጀመሪያ በእስክሪብቶ፣ በእጄ አጠነጥናለሁ።

ጥር 24

ሁለት ሳምንት ሙሉ 29ኙን የሬዲዮ ካሴቶች ስሰማ ነበር። ስለ እነሱ ረዘም አድርጌ መጻፍ አለብኝ።

ያኔ አሠራሬ እንዲህ ነበር። ሪከርድ፣ ፕሌይና ፖዝ ሦስቱም ተጭነው ይጠብቃሉ፤ ጣቴ ፖዙ ላይ ነው። ጋዜጠኛዋ ተናግራ ስትጨርስ ዘፈኑ ሊጀምር ሲል እለቃለሁ፤ ዘፈኑ አልቆ ልትናገር አፏን ስትከፍት እዘጋለሁ። ንግግሯ እንዳይገባ እጠነቀቅ ነበር። «ንጹሕ» ካሴት ማለት ለእኔ ድምፅዋ የሌለበት ነው። ጋሼ አንድ ቀን ስልክ ደውለው የተቆጡኝ ትዝ ይለኛል፦ «የሴትዮዋን ንግግር ለምን ትቆርጣለህ? ሰው ዘፋኙ ማነው ሲለኝ ምን ልበል?» ግራ ገብቶኝ ነበር፤ የሚከፈለው ለዘፈን ነው ብዬ አስባለሁና።

አሁን ሃያ አምስት ዓመት ያህል ቆይቼ ስሰማው ዘፈኖቹ ሁሉም ሌላ ቦታ አሉ። ስልኬ ላይ ስማቸውን ብጽፍ ከዚህ በተሻለ ጥራት ይመጣሉ። የሌለው ንግግሩ ነው። ከ29 ካሴት ውስጥ ጣቴ የዘገየባቸውን ቦታዎች ለቅሜ አወጣኋቸው፤ ሁሉም ተደምረው 14 ደቂቃ አይሞሉም። «…ከኮተቤ የደወላችሁልን…»። «…ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ…»። አንድ ቦታ ላይ ጋዜጠኛዋ ሳቅ ጀምራ ዘፈኑ ላይ ሳቋ ይቀራል። ሌላ ቦታ አንድ ደዋይ ዘፈኑን የመረጠው ለወንድሙ እንደሆነ ጀምሮ ወንድሙ የት እንዳለ ሳይናገር ፖዙ ይዘጋል። የዘጋሁት እኔ ነኝ። የት ነበር ያለው? ደጋግሜ ሰማሁት፤ ከ«ወንድሜ» በኋላ የፖዙ ቀጭን ጠቅታ ብቻ ነው ያለው።

ስለዚህ የፋይሎቹን አሠራር ቀየርኩ። ዘፈን በዘፈን መቁረጥ አቆምኩ። እያንዳንዱን የካሴት ፊት ከመጀመሪያው ፉጨት እስከ መጨረሻው ጸጥታ አንድ ፋይል አድርጌ አስቀምጣለሁ፤ የዘፈኖቹን ዝርዝር በጽሑፍ ከጎኑ እጽፋለሁ። ጉምጉምታውንም ሆነ ፉጨቱን በማጽጃ ሶፍትዌር ማጥፋት ትቻለሁ።

ጋሼ ለምን እንዲህ ለሬዲዮ ቦታ እንደሚሰጡ ዛሬ በስልክ ጠየቅኋቸው። በአሥራ ስምንት ዓመታቸው አሥመራ ጋራዥ ውስጥ ሥራ ለመልመድ ሄደው ነበር። በዚያ ዘመን አሥመራ ውስጥ የአሜሪካ ጦር የነበረበት የቃኘው ጣቢያ የራሱ ሬዲዮ ነበረው፤ ለወታደሮቹ ሮክ ኤንድ ሮልና ሶል ያጫውታል፣ ከተማውም አብሮ ይሰማል። «ቋንቋውን አላውቀውም» አሉኝ ጋሼ፣ «ግን ሰውየው ቀጥሎ ምን እንደሚያጫውት ከአነጋገሩ ዜማ አውቀው ነበር። ረጋ ብሎ ከተናገረ ረጋ ያለ ነው የሚመጣው።» እ.ኤ.አ. በ1977 ጣቢያው ሲዘጋ ጋሼ ወደ ወሎ ተመልሰው ነበር። ካርቶኑ ውስጥ «ቃኘው 1»፣ «ቃኘው 2» የሚሉ ስድስት ካሴቶች አሉ። የቃኘው ቅጂ አይደሉም፤ ያኔ የሰሟቸውን የፈረንጅ ዘፈኖች በኋላ ከየቦታው አሰባስበው፣ ይመጡ እንደነበረው በቅደም ተከተል የደረደሯቸው ናቸው።

የካቲት 9

ደብተሩ። እስካሁን የሸሸሁት ስለምፈራው ነው፤ ጽሕፈቱ ደቂቅ ነው፣ ውሃም ነክቶታል። ዛሬ ገጽ በገጽ ፎቶ አነሳሁት።

የትዕዛዝ ደብተር ነው። ደንበኛው ይመጣል፣ የሚፈልገውን ዘፈን ይዘረዝራል፣ 60 ወይም 90 ይመርጣል፤ ጋሼ ከኦሪጅናሉ እየመረጡ ይገለብጡለታል፣ በማግሥቱ ይወስዳል። የሰው ስም እምብዛም የለም። «አስተማሪው»፣ «የፋብሪካ ልጆች፣ ለሠርግ»፣ «ባለ ነጩ ላንድሮቨር»። አስተማሪው ሳይድ ኤን ሙሉውን አንድ ዘፈን ብቻ እንዲሞላለት አዟል። ሳይድ ቢ ላይ «እንደፈለግህ» ይላል።

ከግማሽ በላይ የሚሆነው ትዕዛዝ የሹፌሮች ነው። ኮምቦልቻ ከአሰብ በባቲና በሚሌ በኩል ጭነት የሚወጣባት ከተማ ነበረች። ሹፌሮቹ ለበረሃው መንገድ ካሴት ያስገለብጡ ነበር። አንዱን ትዕዛዝ እንዳለ ልገልብጠው፤ የሚያዝያ 1988 ነው፦

«ሹፌር፣ ኤንትሬ። 90 ደቂቃ። ትዝታ አይግባ፣ እንቅልፍ። ሲወጣ።»

ኤንትሬ የፊያት ጭነት መኪና ነው። ከሥሩ 19 ዘፈን ተዘርዝሯል፤ ማሕሙድ፣ ኤፍሬም፣ ነዋይ፣ አስቴር እየተባለ ከነዘፈኑ መነሻ ቃል። ትዝታ የከለከለው የሚያስተኛው ስለሆነ ነው፤ ሌሊት ዳገት ላይ ተሳቢ ለሚጎትት ሰው ካሴት ማለት የነቃ ረዳት ነው። ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር አለ፦ «ከተረፈ፣ ጋሼ።»

መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ሌሎቹን ገጾች ስመለከት በብዙዎቹ ላይ አለ። ካሴቱ ሞልቶ መጨረሻ ላይ ሦስት አራት ደቂቃ ቢተርፍ ባለሱቁ የፈለጉትን እንዲሞሉበት ማለት ነው። ያ የተረፈ ቦታ ላይ ምን እንደገባ ደብተሩ አይናገርም።

በግንቦት 1990 ጦርነቱ ሲነሳ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። ደብተሩ ላይ ይታያል፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት ገጾች ሳስተዋል። የጋሼን ሱቅ ያዘጋው ሲዲ ነው ብዬ ለሰው ስናገር ኖሬያለሁ። ሲዲውም ኋላም ስልክ ላይ ሚሞሪ መጫኑም በጊዜው መጣ፤ ሱቁ ግን መጀመሪያ የተጎዳው ሹፌሮቹ ሲቀሩ ነው።

ውሳኔ፦ ይህን የሹፌር ትዕዛዝ እንደገና እሠራዋለሁ። በእውነተኛ ካሴት ላይ፣ በቅደም ተከተሉ።

የካቲት 23

የካቲት 17 ዐቢይ ጾም ገባ፤ ትናንት ደግሞ ረመዳን። ዘንድሮ ሁለቱ አንድ ላይ ሆኑ። በጋሼ ሱቅ ደንብ ከሁለቱ በአንዱ ጾም ሞንታርቦው ወደ በረንዳ አይወጣም ነበር፤ ጋሼ ረመዳን ይጾማሉ፣ እናቴ ሁዳዴን፣ ግቢው አንድ ነው። እኔም ደንቡን ጠብቄ መቅዳቱን አቁሜ የፋይል ስም በማስተካከልና ወረቀቶቹን ፎቶ በማንሳት ላይ ነኝ። የደረስኩት 143 ላይ ነው።

መጋቢት 29

ኢድ አለፈ፤ ጋሼ ደውለው ምን ያህሉ እንዳለቀ ጠየቁኝ። ሸክላዎቹን ጀምሬያለሁ።

መርፌ ፍለጋ ፒያሳ ሄጄ ነበር። በልጅነቴ በር ላይ ቆሜ የማዳምጥባቸው ሙዚቃ ቤቶች የነበሩበት ሰፈር አምና ፈርሷል፤ መንገዱ ሰፍቷል፣ ግራ ቀኙ ክፍት ነው። አንደኛው ሱቅ የነበረበትን ቦታ ለማወቅ ከአጠገቡ የነበረውን ዛፍ ፈለግሁ፤ እሱንም አላገኘሁም። መርፌውን በመጨረሻ ከውጭ በሰው አስመጣሁ።

ሸክላዎቹን በሞቀ ውሃ፣ በጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ አጠብኳቸው፤ መሐሉ ያለውን ወረቀት ውሃ እንዳይነካው በፕላስቲክ ክዳን ሸፍኜ። ከ37ቱ ዘጠኙ የአሳታሚው የአምሃ እሸቴ ናቸው። ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ እሱ በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳትሞ አወጣ። ሸክላዎቹ የሚታተሙት ውጭ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 አገር ለቆ እስኪሄድ ድረስ ከመቶ በላይ ባለ 45 ሸክላና ወደ አሥራ ሁለት የሚሆኑ ትልልቅ ሸክላዎች አውጥቷል። እሱም ሥራውን የጀመረው ከሙዚቃ መሸጫ ሱቅ ነው። ደንበኛ ምን እንደሚጠይቅ በየቀኑ ፊት ለፊቱ ቆሞ ይሰማ ነበር።

ስለ ሱቅ ካነሳሁ፣ የኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣውን ካሴት አንድ የውጭ አገር ሰው ባሕር ዳር ከሙዚቃ ቤት አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው፤ ኃይሉ በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ወደ መድረክ ተመለሰ። ያን ካሴት መደርደሪያው ላይ ሳይጥል ያቆየው ባለሱቅ ማን እንደሆነ ማወቅ እወዳለሁ።

ሚያዝያ 17

ፋሲካ አለፈ። የሹፌሩን ካሴት መሥራት ጀመርኩ።

ያልተከፈተ የ90 ደቂቃ ካሴት አገኘሁ። ከ19ኙ ዘፈኖች 17ቱ በጋሼ ኦሪጅናሎች ውስጥ አሉ፤ ሁለቱን ከሌላ ሰው ተዋስኩ። ከፋይል መገልበጥ ይቻላል፤ እኔ ግን ከካሴት ወደ ካሴት ነው ያደረግሁት፣ እሳቸው እንዳደረጉት። ሁለተኛ ዴክ ተዋስኩ። በየዘፈኑ መካከል ጋሼ የሚተዉት ዝምታ ሦስት ሴኮንድ ነው፤ በ20 ካሴት ላይ ለካሁት፣ ከሦስት አያልፍም። መጀመሪያው ላይ የእሳቸው ድምፅ ይገባል፦ የሱቁን ስም፣ «ኮምቦልቻ»፣ «መልካም መንገድ»። ስምንት ሴኮንድ ነው። በ64ቱም የተገለበጡ ካሴቶች ላይ አለ። በየጊዜው በአዲስ የተናገሩት ስለሆነ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። በአንዳንዱ ላይ ጉንፋን ይዟቸዋል። ከ1988ቱ አካባቢ የሆነውን መረጥኩ።

ሳይድ ቢ መጨረሻ ላይ ሦስት ደቂቃ ከሃምሳ ሴኮንድ ባዶ ቀረ።

ግንቦት 4

ጋሼ ለዓይን ሕክምና አዲስ አበባ መጡ። ከሐኪም ቤት በቀጥታ ወደ እኔ ነው ያመጣኋቸው። ሻይ ሳይጠጡ ጠረጴዛው ጋ ሄዱ፤ የዴኩን መስታወት በመዳፋቸው ጠረጉ፣ ካሴት ማስገቢያውን ከፍተው ሄዱን አዩ። «አጽድተኸዋል» አሉ።

የጆሮ ማዳመጫውን አደረግኩላቸው። የራሳቸው የወጣትነት ድምፅ «መልካም መንገድ» ሲል ምንም አላሉም። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ጣታቸው ጠረጴዛው ላይ መምታት ጀመረ። ሳይድ ኤን እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ አርባ አምስት ደቂቃ፤ እኔም አብሬ ተቀመጥኩ። ሲገለበጥ ራሳቸው አውጥተው ገለበጡት። ሳይድ ቢ ላይ አንድ ቦታ ቆም አድርገው፣ ሁለቱ ዘፈኖች ቦታ መቀያየር እንደነበረባቸው ነገሩኝ፤ ደብተሩን ሳየው ልክ ናቸው፣ እኔ ተሳስቼ አንብቤዋለሁ። በነጋታው አስተካክላለሁ አልኳቸው።

«የመጨረሻው ባዶ ነው፣ ጋሼ። ደብተሩ ‹ከተረፈ፣ ጋሼ› ነው የሚለው። ምን ሞልተውበት ነበር?»

«ሹፌሩ ሲወርድ ነው ሲወጣ?»

ደብተሩን ገልጬ አሳየኋቸው። በዓይናቸው ስለማያነቡት በጣታቸው መስመሩን ተከትለው «ምን ይላል?» አሉ።

«ሲወጣ ይላል።»

«ሲወጣ ጭኗል። ባቲን አልፎ ዳገቱን ሲጀምር ነው ካሴቱ የሚያልቅበት» አሉና ዝም አሉ። ቀጥለው ወደ ካሴቶቹ ሳይሆን ወደ ሸክላዎቹ ዞሩ። መነጽራቸውን አውልቀው አንድ በአንድ በጣታቸው ጫፍ እየገፉ፣ የወረቀቱን ቀለም ወደ መስኮቱ እያቀረቡ ያዩ ጀመር። ሃያ ያህል አሳልፈው የብዙነሽ በቀለን አንድ ሸክላ መዝዘው በሁለት መዳፋቸው ጠርዙን ይዘው ሰጡኝ።

ማጫወቻውን 45 ላይ አደረግኩት። መርፌውን አነሳሁ። ጋሼ ወንበራቸውን ወደ ዴኩ አስጠግተው ሪከርድ፣ ፕሌይና ፖዝ ሦስቱን ተጫኑ፤ ጣታቸውን ፖዙ ላይ አድርገው ጠበቁ።